ላል ይበላል፦ ከላስታ ገበታ ላይ የተነበበ ታሪክ

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ምርጫና ስለ ፓርቲዎች ጠብ ስጽፍ የኖርሁ ሰው ዛሬ ስለ በሶና ስለ ጠላ ልጽፍ ብነሣ፣ አንዳንዶቻችሁ «ሰውየው ደከመው» ትሉ ይሆናል። አልደከመኝም። በአገራችን ከማጀት የራቀ ፖለቲካ ኖሮ አያውቅም። መንግሥታት የቆሙትም የወደቁትም በእህል ጉዳይ ነው። ይህንን ከመጻሕፍት አውቀው ነበር፤ በሚገባ የተረዳሁት ግን በ2011 ዓ.ም. ለገና ወደ ላሊበላ በተጓዝሁ ጊዜ ከአንዲት እናት ገበታ ፊት ተቀምጬ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። በዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር እንደ መሆኔ ስለ ወሎ ረሃብ ለብዙ ዓመታት አስተምሬያለሁ። የሟቹን ግምት፣ የዝናቡን መጠን፣ የባለሥልጣናቱን ቸልተኝነት ለተማሪዎቼ ዘርዝሬያለሁ። የወሎ ሰው ምን እንደሚበላ፣ እንዴት እንደሚያዘጋጀው፣ ለማን እንደሚያካፍለው ግን አንድም ቀን አስተምሬ አላውቅም። ረሃቡን እንጂ ገበታውን የማያውቅ የታሪክ መምህር ነበርሁ። እንዲህ ያለው ዕውቀት ግማሽ መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ታኅሣሥ በመቁጠሪያችን የበጋ ወር ቢሆንም በደጋው አገር ውርጭ የሚወርድበት ወር ነው። ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር በአንድ አሮጌ መኪና ከአዲስ አበባ ተነሥተን በደብረ ብርሃን፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በፈለፈሉት የጣርማ በር ዋሻ፣ በሸዋ ሮቢትና በኮምቦልቻ አድርገን ደሴ አደርን። በማግሥቱ ወልድያ ደረስን፤ ከዚያም ወደ ምዕራብ ታጥፈን የድልብን አቀበት ወጣን። ይህ ከወልድያ ወረታ የሚዘልቀው መንገድ በቻይና መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በደርግ ዘመን የተጠናቀቀ ስለሆነ የአገሩ ሰው «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ጋሸና ስንደርስ ነፋሱ የመኪናውን በር ለመክፈት አላስችል አለን። ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚወስደው ጠጠር መንገድ ከ60 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ እኛ ግን ዓርብ ታኅሣሥ 26 ቀን ስንገባ መሽቶ፣ አቧራ ለብሰን፣ በብርድ ተኮማትረን ነበር።

ለገና ሰሞን በላሊበላ አልጋ ማግኘት ዘበት ስለሆነ ያረፍነው በአንዱ ባልደረባዬ አክስት ቤት ነው። እማማ ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ፣ ቀልጠፍ ያሉ እናት ናቸው። ገና ጫማችንን ሳናወልቅ ውኃ አሙቀው እግራችንን ካላጠብሁ አሉ። «ኧረ አይገባም» ብንል ማን ሰምቶን! በላሊበላ የገናን መንገደኛ እግር ማጠብ የቆየ ልማድ ነው፤ ከሩቅ በእግሩ የመጣው ምእመንና በመኪና የመጣው መምህር በዚህ አይለዩም። ቀጥለውም በሶውን በጣባ ላይ በውኃና በጨው አሽተው ጭብጦ ጭብጦ እያደረጉ አቀረቡልን። «በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ አንዲት ብቻ ልጄ» እያሉ ስንት «አንዲት ብቻ» እንደ በላሁ አላስታውስም።

ጾመ ነቢያት ስለነበረ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ወተት የለም። ሆኖም በነጋታው የቀረበልን መሶብ የጎደለው ነገር ያለ አይመስልም ነበር። ከገብስ የተጋገረ፣ ጠቆር ያለና ወፈር ያለ እንጀራ፤ የባቄላ ሽሮ፤ በሰናፍጭ የተሰነገ ስልጆ፤ ተቆልቶና ተወቅጦ በውኃ ተጠልሎ እንደ ወተት የነጣ የሱፍ ፍትፍት፤ የተልባ ውኃ። የጾም ገበታ የድህነት ገበታ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። በዓመት ከግማሽ ቀን በላይ የሚጾም ሕዝብ ከቅባት እህልና ከጥራጥሬ ምን ሊሠራ እንደሚችል በመቶዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ተምሮ ያሳደገው ጥበብ ነው። መጽሐፍ ስላልተጻፈለት ብቻ ጥበብ አይባልም ማለት አይቻልም።

ቅዳሜ ገበያ ነበር። የላሊበላ ገበያ ቅዳሜ ነውና ለገና የመጣው ሕዝብ ሲጨመርበት መተላለፊያ አልነበረም። የታሪክ ሰው ገበያ ሲገባ ዓይኑ የሚያርፈው በሸቀጡ የመጡበት መንገድ ላይ ነው። ከላይ ከአቡነ ዮሴፍ ወገን፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚዘልቀው ተራራ ግርጌ፣ ገብስና ባቄላ ይወርዳል። ከታች፣ ከላስታ ተራሮች ሥር ከሚነሣው ከተከዜ ሸለቆ፣ ማሽላና ጤፍ ይወጣል። ጌሾው በእስር፣ በርበሬው በቁና፣ ማሩ በቅል ተደርድሯል። ጨው ሻጮቹ ጥግ ይዘዋል። ዛሬ ጨው በከረጢት የሚመጣ ተራ ነገር ነው፤ ጥንት ግን ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ የሚወጣው አሞሌ ምግብም ገንዘብም ነበር፤ የዋግዋ ሰቆጣም በዚሁ ንግድ የታወቀች ገበያ ነበረች። የላስታ ሴት ወጧን የምታጣፍጥበትንና ግብር የሚከፈልበትን ከአንድ ባለ ጨው ትገዛ ነበር ማለት ነው።

በርበሬውን እያየሁ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ባልደረቦቼን ጠየቅሁ፤ «ንጉሥ ላሊበላ ቀይ ወጥ በልቶ ያውቃል?» ሳቁብኝ። ጥያቄው ግን የቀልድ አይደለም። በርበሬ፣ ቲማቲም፣ ድንችና በቆሎ የአሜሪካ አህጉር ተክሎች ናቸው፤ ኮሎምቦስ እ.ኤ.አ. በ1492 ባሕር ከመሻገሩ በፊት በእኛ ምድር አልነበሩም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ የነገሠው ላሊበላ በርበሬ የሚባል አያውቅም። «ከጥንት ከአባቶቻችን የወረስነው» የምንለው ቀይ ወጥ ከቤተ ጊዮርጊስ በብዙ መቶ ዓመት ያንሳል። ይህን የምለው ባህላችንን ለማሳነስ አይደለም፤ በተቃራኒው ነው። እንግዳውን ተክል ተቀብሎ ያለ እርሱ መኖር እስከማይችል ድረስ የራሱ ያደረገ ሕዝብ፣ ባህል ማለት የተቆለፈ ሣጥን ነው እያሉ ከሚሰብኩት ፖለቲከኞቻችን ይልቅ አስተዋይ ነው። በዚያው ገበታ ላይ ንጉሡ ሳያውቀው የማይቀረው ግን ገብሱ ነው፤ ማሩም ነው።

ስለ ማሩ ካነሣሁ የከተማዋን ስም ልንካው። ንጉሡ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከበቡት፤ እናቱም ንቦች ንግሥናውን አወቁለት ስትል ላሊበላ አለችው ይላል ትውፊቱ። በአካባቢው አነጋገር ስሙ «ላል ይበላል» ተብሎ ይፈታል፤ ላል የሚለውም ከንብና ከማር ጋር ይያያዛል። እንግዲህ በዓለም ላይ በጦር አሸናፊ፣ በቅዱስ ወይም በወንዝ ስም የተጠሩ ከተሞች ብዙ ናቸው፤ «ማር ይበላል» የምትባል ከተማ ግን ስንት አለች? ከከተማዋ በስተ ሰሜን ባለችው በቢልባላ ጊዮርጊስ ንቦች በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ውስጥ ይኖራሉ፤ ምእመናንም ማሩን ለፈውስ ይቀምሱታል። ከገበያው የገዛነው ማር ነጭና ደንዳና ነበር፤ ሻጩ አዛውንት መንተሴ ከሚባለው ቁጥቋጦ የተቀሰመ መሆኑን አስረዱን። ዓለም ግን ይህችን ባለ ማር ከተማ የሚያውቃት በሁለት ነገር ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት በተመዘገቡት ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና በወሎ ረሃብ።

ለምን እንዲህ ሆነ? መልሱ ያለው፣ በእኔ ግምት፣ በአንዲት የአማርኛ ቃል ውስጥ ነው። ቃሏም «ግብር» ናት።

ገበሬ፣ ገባር፣ ግብር የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። ግብር ገበሬው ለገዥው የሚያስገባው ነው። ግብር ደግሞ ገዥው በአዳራሹ የሚያበላው ድግስ ነው። በሌሎች ቋንቋዎች ቀረጥና ግብዣ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ በእኛ ቋንቋ አንድ ናቸው፤ ምክንያቱም አንድ ነገር ነበሩ። ከገበሬው ጎተራ የወጣው እህል፣ ከበረቱ የተነዳው ሠንጋ፣ ከቀፎው የተቆረጠው ማር ነው ተመልሶ «የጌታዬ ቸርነት» እየተባለ በጠጅና በቁርጥ የሚቀርበው። በአፄ ምኒልክ የግብር አዳራሽ በአንድ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይስተናገድ ነበር። አብሉልኝ ያለ ጌታ ይመሰገናል፤ ያበላው ገበሬ ግን አይታወስም።

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከመልእክተኞች ጋር ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በአገራችን ቆይቶ በ1540 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ዘርዝሯል። ያየሁትን ሁሉ ብጽፍ የሚያምነኝ የለም ብሎ በመስጋት እውነት ለመሆኑ መማሉ ዝነኛ ነው፤ ይህንን ሁላችንም እንጠቅስለታለን። የማንጠቅስለት ግን ሌላውን ነው፤ በየደረሱበት መንደር በንጉሡ ትእዛዝ እንጀራውን፣ መጠጡንና ከብቱን የሚያቀርበው ባላገሩ እንደነበረ የጻፈውን። ይህ ድርጎ ይባላል። መልእክተኛ ሲያልፍ ይበላል፤ ሹም ሲያልፍ ይበላል፤ ወታደር ሲያልፍ ከሁሉም ይልቅ ይበላል። ወታደር በገበሬ ቤት እያደረ የሚበላበትን ልማድ ለማስቀረት ታስቦ በምኒልክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1892 አስራት መታወጁ ራሱ ጉዳቱ ምን ያህል እንደነበር ይመሰክራል።

አዋጁም የመጣው ክፉ ቀን ከሚባለው ዘመን በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ጣሊያኖች በምጽዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው የከብት እልቂት በሬውን ጨረሰ። በሬ ከሌለ ማረሻ የለም፤ ማረሻ ከሌለ ገብስ የለም። እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ የዘለቀው ረሃብ ከዚያ በኋላ ለመጡት ሁሉ መለኪያ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ 1966 መጣ። አማርትያ ሴን የተባለው ሕንዳዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የድህነትና የረሃብ ጥናቱ ስለ ወሎ ያሳየን ነገር ሁልጊዜ ተማሪዎቼን ያስደነግጣል። በመላ አገሪቱ የነበረው እህል ያን ያህል አልቀነሰም ነበር። ወሎ ምርቷ ቢወድቅም በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም፤ እንዲያውም ሰው በሚሞትበት ወራት ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ እህል ይወጣ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አዝመራው የጠፋበት ገበሬ ከብቱን ለገበያ ሲያወጣ የከብት ዋጋ ወደቀ፤ በእጁ ገንዘብ የለም፤ እህል ደግሞ ወደ ገንዘቡ ይሄዳል። ገበታው ባዶ የሆነው መሬቱ ስለነጠፈ ብቻ ሳይሆን ገበሬው በገበያውም በመንግሥቱም ፊት ድምፅ ስላልነበረው ነው። ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው የረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተሰናስሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በአገር ውስጥ ቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። ግብር የሚለው ቃል ሁለት ፊቶች በአንድ ምሽት በአንድ መስታወት ላይ ጎን ለጎን ቆሙ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አብዮቱስ? መሬት ለአራሹን አወጀ፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ነገር ግን አሥረኛ ዓመቱን በመስከረም 1977 ዓ.ም. በታላቅ ድግስ ሲያከብር ወሎ እንደገና እየረገፈ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከኮረም የወጣው የቴሌቪዥን ምስል ዓለምን አስለቀሰ። ከዚያም 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ፣ ብዙው ከወሎ፣ ብዙውም ሳይወድ፣ ወደ ደቡብ ምዕራብና ወደ ምዕራብ ተጫነ። ንጉሡም ደርጉም ሲደግሱ ወሎ ይራብ ነበር። ገበሬው የቀረበትን እንጂ የተለወጠውን ለማየት አልታደለም።

እዚህ ላይ ወደ እማማ ቤት ልመለስ። እሑድ ማታ፣ የገና ዋዜማ፣ ሕዝቡ ወደ ቤተ ማርያም ሲተም እርሳቸው ጠላውን ያጣሩ ነበር። ጋኑ በወይራ ታጥኗል። ጌሾው፣ ብቅሉ፣ ተቆልቶ የተፈጨው አሻሮ ተራ በተራ የገቡበትን ቀን እየቆጠሩ አስረዱኝ። ጠላው ለእኛ ብቻ አልነበረም፤ በግቢያቸው ከዋግና ከሰሜን በእግራቸው የመጡ ሰባት የማያውቋቸው መንገደኞች አርፈዋል። እኔም የተማረ ሰው ድፍረት ይዞኝ «እማማ፣ በሰባ ሰባት ምን ትበሉ ነበር?» አልኋቸው። ስለ ሥራ ሥርና ስለ ጫካ ቅጠል ይነግሩኛል ብዬ ማስታወሻዬን አወጣሁ።

ማጣሪያውን አስቀመጡና ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። «የበላነውን ተወው ልጄ» አሉ። «እኔ የማልረሳው ዘሩን የበላን ቀን ነው። ያኔ የሁለት ልጆች እናት ነበርሁ። አማቴ የዘር ገብሱን ከጎታው ሥር አወጡና ቁይው አሉኝ። ቆላሁት። ልጆቹ በሉ፤ እኛም በላን። እሳቸው ግን ደጅ ወጥተው ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀመጡ። አንዲት ፍሬ አልቀመሱም።» ከዚያም ማጣራታቸውን ቀጠሉ። እኔም ማስታወሻዬን አጠፍሁ።

ያ ሽማግሌ ጀርባቸውን የሰጡት ለምን እንደሆነ የሚገባው ገብስ የዘራ ሰው ነው። «ገብስ የእህል ንጉሥ» ይባላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው የገብስ ዓይነት ብዛት ዓለምን ያስደነቀ ነው፤ ሩሲያዊው ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 መጥቶ ያየውና አገራችንን ከዓለም የሰብል መፍለቂያዎች አንዷ ያሰኛት አንዱ ይኸው ነው። ቢጫ አድርጎ የሚያደርቀውን የገብስ ቫይረስ የሚቋቋም ባሕርይ አሜሪካኖች ያገኙት ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ዘሩ የሚበላበት ቀን ማለት እንግዲህ አንድ ቤተሰብ ከአያት ቅድመ አያቱ በተራራው ልክ እየመረጠ ያቆየውን ዕውቀት በአንድ ምጣድ ቆልቶ የሚጨርስበት ቀን ማለት ነው። ዶክተር መላኩ ወረደና ባልደረቦቻቸው በ1976 እ.ኤ.አ. በተቋቋመው የዘር ባንክ በድርቁ ዘመን የገበሬውን ዘር እየሰበሰቡ ባያቆዩ ኖሮ የጠፋው ብዙ በሆነ ነበር። በ1989 እ.ኤ.አ. በውጭ አገር ለዚህ ሥራቸው ተሸልመዋል። በእኛ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ግን የጦር አዝማቾቻችን ስም እንጂ የእርሳቸው ስም ሲነሣ አልሰማሁም።

ከዚያ ጉዞ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በ2012 ወረርሽኙ እንግዳውን አስቀረ። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ላሊበላን ያዙ፤ ከተማዋ እየተፈራረቀች በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወደ መንግሥት እጅ ተመለሰች። ስልክና መብራት ጠፋ፤ መብራቱም ለረጅም ጊዜ ሳይመለስ ቆየ። ስልኩ ሲሠራ ባልደረባዬ አክስቱን አገኛቸውና ድምፃቸውን አሰማኝ። በ2011 ስናርፍ ደጃፋቸው ላይ ለመቀመጫ የሚያገለግል አሮጌ የድንጋይ ወፍጮ ነበር። «እሱን አጥበን አስገባነው፤ ሴቱ ሁሉ በጉልበቱ ተንበርክኮ እየፈጨ ነው» አሉ። ባለፈው ክፍለ ዘመን የተገላገልነው ወፍጮ ተመልሶ መጣ። የወታደሩም ነገር እንደ ጥንቱ ነበር፤ መለዮው ቢለያይም የመጣው ሁሉ በላ። በ2015 ማብቂያ ላይ ደግሞ በክልሉ ሌላ ጦርነት ተከፈተ።

በዚያው ሰሞን የእርዳታውም ነገር ተናጋ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የላስታ ገበሬ በሴፍቲኔት ታቅፎ ስንዴና ዘይት ሲቀበል ኖሯል፤ የገብስ አገር የባዕድ ባንዲራ ከታተመበት ጆንያ የወጣ ስንዴ ለመደ። በሰኔ 2015 ዓ.ም. እህሉ ለታለመለት ሰው አልደረሰም ተብሎ የአሜሪካ የልማት ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቆሙ፤ ከወራት በኋላ ቢቀጥሉም ድርጅቱ ራሱ በ2017 ዓ.ም. ከሰመ። ከሩቅ የሚመጣ እህል ልክ እንደ ጌታ ግብር ነው፤ ሰጪው ሲቆጣ ይቋረጣል፤ መካከለኛው ሲሰርቅ ተቀባዩ ይቀጣል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንይዛለን? እኔ የያዝሁት አንድ ነገር ነው። በላስታ ሁለት ዓይነት ገበታ አይቻለሁ። አንዱ የግብር ገበታ ነው፤ ከታች ተሰብስቦ ከላይ ይበላል፣ ትርፍራፊው በቸርነት ስም ይወርዳል። ሁለተኛው የእማማ ገበታ ነው፤ ማንነቱን ሳይጠይቁ እግሩን ለሚያጥቡት መንገደኛ የሚቀርብ። መንግሥቶቻችን ስማቸውን ሲለዋውጡ ያልለወጡት የመጀመሪያውን ነው። ሕዝቡ ረሃብም ጦርነትም ሲያንገላታው ያልለወጠው ሁለተኛውን ነው። የአንድን ሥርዓት ፍትሐዊነት ለመለካት የግድ ሕገ መንግሥቱን ማገላበጥ አያስፈልግም፤ በአንዱ ክፉ ዓመት የላስታ ገበሬ የዘር ገብሱን ቆላው ወይስ አልቆላውም ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

በዚያ የገና ንጋት ከቤተ ማርያም አናት ላይ ካህናቱ «ቤዛ ኩሉ» ሲያሸበሽቡ ሰምቼ ወደ ቤት ስመለስ፣ ጾሙ ተፈትቶ የዶሮው ወጥ ሽታ ግቢውን ሞልቶት ነበር። እማማ ከሁሉ አስቀድመው የጠሩት እኛን አልነበረም። ከዋግ የመጡትን መንገደኞች ነበር። እኛ ተራችንን ጠበቅን።

ተራ ጠብቆ መብላትን ገዥዎቻችንም እስኪማሩ ድረስ፣ ቸር እንሰንብት።